ያውቁ ኖሯል? ከዓለም ፍጻሜ ማግስት

ዓለም ስትጠፋ የሚያሳይ ልብ ወለድና ፊልም ሞልቷል። እኔ የምወደው ግን በማግስቱ የሚጀምረውን ነው። እሳቱ በርዷል፣ ወረርሽኙ አልፏል፣ ከሺህ አንድ የተረፈው ሰው በፍርስራሹ መካከል ቆሟል። አጎንብሶ ምን ያነሣል? ለማን ይጸልያል? የጠፋውን ሁሉ ማን ይቅር ይለዋል? የዛሬው ዓምድ ይህን ለሚጠይቁ ድርሰቶች ነው። «ዓ.ም.» ያልኩባቸው ዓመቶች በእኛ፣ የቀሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? ፈረንጅ የዓለምን ጥፋት የሚጠራበት «አፖካሊፕስ» በግሪክኛ መሠረቱ ጥፋት የሚል ትርጉም የለውም። መግለጥ፣ መጋረጃውን ገፍፎ የተሸሸገውን ማሳየት ማለት ነው። «ርእየ» ከሚለው ግስ የወጣው የእኛ «ራእይ» ለጥንቱ ትርጉም በጣም ይቀርባል። የግሪኩ ቃልም ቢሆን አገራችን ከገባ ቆይቷል፤ በዓረብኛ በኩል ሲሻገር መልኩን ለወጠ እንጂ። ሊቃውንቱ ባለ ራእዩን «ዮሐንስ አቡቀለምሲስ» ሲሉት የምንሰማው ያንኑ «አፖካሊፕሲስ» ነው። «አቡ» ብሎ ስለሚጀምር ብዙዎቻችን የሰው ስም አድርገን እንይዘዋለን።

እናቶቻችን ልጅ አባቱን ሲሰድብ፣ ወንድም ወንድሙን ሲከስ «ስምንተኛው ሺህ!» ይላሉ። ገና የሚመጣ ዘመን ይመስላል። በባሕረ ሐሳብ ስሌት ግን ገብተንበታል። ከልደተ ክርስቶስ በፊት ያለው ዘመን 5500 ነው፤ 2018 ዓ.ም. ሲደመርበት 7518 ይመጣል። ስምንተኛው ሺህ የጀመረው በ1501 ዓ.ም. ነው ማለት ነው። ከአምስት መቶ ዓመት በላይ አርሰንበታል፣ ድረንበታል፣ ልጅ አሳድገንበታል።

በሩሲያም ተመሳሳይ ፍርሃት ነበር። እነርሱ ዓለም ከተፈጠረ 7000 ዓመት የሚሞላው በ1492 ነው ብለው ስለቆጠሩ የፋሲካ ማውጫ ሰንጠረዣቸው እዚያ ዓመት ላይ ያበቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ፋሲካ ማን ሊያከብር? ዓመቱ በሰላም አለፈ። የሞስኮው ሜትሮፖሊታን ዞሲማ ተቀምጦ የቀጣዮቹን ዓመታት ፋሲካ ማስላት ያዘ። ከዚህ በታች የማነሣቸውን ደራሲዎች ሳነብ ይህ ሰው ደጋግሞ ትዝ ይለኛል፤ ዓለም ያልፋል በተባለበት ዓመት ማግስት፣ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ የበዓል ቀን የሚቆጥረው ሰው።

ስለ መጨረሻው ዘመን የተጻፈ ድርሰት ለንጉሥ ስም እንዳወጣስ ያውቁ ኖሯል? «ፍካሬ ኢየሱስ» ረኃብና ግፍ ከበዛ በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ተነሥቶ ምድርን እንደሚያሳርፍ ይናገራል። ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭኑ የመረጡት ስም ይኸው ነው። ዘመነ መሳፍንት ላንገላታው ሕዝብ ስሙ ብቻውን የተስፋ ቃል ነበር።

ከጥፋት በኋላ ስላለው ዓለም የሚናገሩ ጥንታዊ መጻሕፍት ከተቆጠሩ መጽሐፈ ሄኖክ ከፊት ይሰለፋል። ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ያደረሰው በ1773 ሲሆን፣ ሪቻርድ ሎውረንስ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ያሳተመው በ1821 ነው። በኋላ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የአራማይስጥ ቁርጥራጮቹ ሲገኙ ጥንታዊነቱ ተረጋገጠ። መጽሐፉ ውስጥ የጥፋት ውሃ ሳይመጣ መልአክ ወደ ኖኅ ይላካል። መልእክቱ ከሞት ስለማምለጥ ብቻ አይደለም፤ ለሚመጣው ትውልድ ሁሉ ዘር እንዲተርፍ ነው። ሌላው ዓለም ቅጠሉን ሲጥል እኛ ዘንድ ዳዊት ደጋሚ፣ ብራና ፋቂ፣ ቀለም በጥባጭ መነኩሴ ይዞት ቆየ።

በኦሪት ዘፍጥረት ኖኅ ከመርከብ ወርዶ ቤት አልሠራም። መጀመሪያ የሠራው መሠዊያ ነው። ከኦሪቱ ውጭ ያለው የባቢሎን ተረት፣ የጊልጋሜሽ፣ በዚህ ይስማማል፤ ከጥፋት ውሃ የተረፈው ኡትናፒሽቲምም መሬት ሲረግጥ መሥዋዕት አቀረበ። ይህን የሸክላ ጽሕፈት በ1872 በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ያነበበው ጆርጅ ስሚዝ ነው።

የመጨረሻውን ሰው ታሪክ በዘመናዊ ልብ ወለድ መልክ ቀድሞ የጻፈው ቄስ የነበረ ሰው ነው፤ ፈረንሳዊው ዣን ባፕቲስት ኩዜን ደ ግሬንቪል። መጽሐፉ በ1805 ሲታተም ደራሲው በሕይወት አልነበረም። አዳም ወደ ምድር ይመለሳል። ዕዳው ከባድ ነው፤ ልጆቹ ወደ ሲኦል ሲገቡ እያየ የኖረ አባት ነው። የሚድነው የመጨረሻው ወንድ ኦሜጋሩስ ከሚስቱ ተለይቶ የሰው ዘር እንዲያበቃ ካሳመነው ነው። የመጀመሪያው አባት የመጨረሻውን ልጅ «አትውለድ» ብሎ ሲለምን! ከዚህ የከበደ ልመና በልብ ወለድ አላነበብኩም።

ሜሪ ሼሊን በፍራንከንስታይን እናውቃታለን። በ1826 ያወጣችው «የመጨረሻው ሰው» ግን ለእኔ ይበልጣል። ስትጽፈው ባሏ ገጣሚው ፐርሲ ሼሊ በ1822 ባሕር በልቶት ነበር፤ ልጆቿን ቀብራ ነበር፤ ወዳጃቸው ባይሮንም በ1824 ሞቶ ነበር። ሐዘን የደረሰበት ሰው «እኔ ብቻ ቀረሁ» ሲል ቃሉን አጋነነ እንላለን፤ እሷ ቃሉን እንዳለ ወስዳ ልብ ወለድ አደረገችው። ወረርሽኝ የሰውን ዘር ይጨርሳል። ፓሪስ ላይ «ከእኔ ጋር ያለ በሽታው አይነካውም» የሚል ሐሰተኛ ነቢይ ይነሣል፤ ሕዝብ ይከተለዋል፤ ተከታዮቹም እንደ ማንም ይሞታሉ። ብቻውን የቀረው ቨርኒ ሮም ይገባል፤ የቅዱስ ጴጥሮስን ባዚሊካ ጫፍ ድረስ ወጥቶ 2100 የሚለውን ዓመት ድንጋዩ ላይ ይቀርጻል። ቀጥሎ አንድ ውሻና የሆሜርን የሼክስፒርን መጻሕፍት ይዞ ጀልባ ላይ ይወጣል። የሚያነብለት የለም። መጻሕፍቱን ግን አልተዋቸውም።

ያውቁ ኖሯል? ከዓለም ጥፋት በኋላ ስላለ ሃይማኖት ከተጻፉት ሁሉ የላቀውን የጻፈው ገዳም የደበደበ ወታደር ነው። ዋልተር ሚለር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ጣይ አውሮፕላን የሬዲዮ ሠራተኛና የኋላ ተኳሽ ሆኖ ከ50 በላይ ግዳጆች በርሯል። ከነዚህ አንዱ የካቲት አጋማሽ 1944 ጣሊያን ውስጥ የሞንቴ ካሲኖን ገዳም ያፈረሰው ድብደባ ነው። ገዳሙን በ529 ገደማ የመሠረተው ቅዱስ ቤኔዲክቶስ ነበር፤ ለምዕራቡ ዓለም የምንኩስናን ሥርዓት የጻፈው አባት። ውስጡ ተጠልለው ከነበሩት ስደተኞች ብዙዎቹ ሞቱ። ሚለር ከጦርነቱ ተመልሶ በ1947 ካቶሊክ ሆነ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ስለ አንድ በረሃ ገዳም ሦስት ረጃጅም ታሪኮችን በመጽሔት አወጣ። የሦስተኛውን መጨረሻ፣ አበምኔቱ በፍርስራሽ ሥር ግማሽ አካሉ ተቀብሮ የተኛበትን ትዕይንት ሲጽፍ ነው ድንገት የገባው፤ ለካ ሲጽፍ የኖረው ስለ ሞንቴ ካሲኖ ኖሯል። እኔ ይህን ካወቅሁ ጀምሮ መጽሐፉን እንደ ንስሐ ነው የማነበው።

መጽሐፉ «ካንቲክል ፎር ሊቦዊትዝ» ይባላል፤ በ1959 ታትሞ በ1961 የሁጎን ሽልማት ወሰደ። የኒውክሌር ጦርነት ዓለምን ካቃጠለ በኋላ የተረፈው ሕዝብ በቁጣ በሊቃውንቱ ላይ ይነሣል፤ መጻሕፍት ይቃጠላሉ፣ ማንበብ የሚችል ይገደላል። ሊቦዊትዝ የሚባል የኤሌክትሪክ መሐንዲስ መነኩሴ ሆኖ መጻሕፍት የሚያሸሽና በቃል የሚያጠና ማኅበር ይመሠርታል፤ በሰማዕትነት ያልፋል። ስድስት መቶ ዓመት ቆይቶ ወንድም ፍራንሲስ የሚባል ወጣት መነኩሴ በጾም ሱባኤ ላይ ሳለ ከመሬት ሥር የሊቦዊትዝን ወረቀቶች ያገኛል። አንደኛው ከሱቅ የሚገዛ ሥጋና ዳቦ የተመዘገበበት ብጣሽ ነው። ሌላው የኤሌክትሪክ ዑደት ንድፍ። ሁለቱም ንዋየ ቅድሳት ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። የድሮ የመሐንዲስ ንድፍ መደቡ ሰማያዊ፣ መስመሩ ነጭ ነው። ገልባጮቹ መነኮሳት መስመሩን ሳይሆን በመስመሩ ዙሪያ ያለውን ባዶ ሁሉ በቀለም ይሞሉ ነበር፤ ውድ ቀለማቸው በዚያ ያልቃል። ፍራንሲስ የመደቡ ቀለም ትርጉም እንደሌለው በኋላ ይደርስበታል። ከዚያ የበግ ቆዳ ለስልሶ እስኪያበራ አዘጋጅቶ ያን ንድፍ በወርቅና በሐረግ አስጊጦ መገልበጥ ይጀምራል፤ ምንነቱን ሳያውቅ፣ ዓመት በዓመት ላይ። የእኛን ቁም ጸሐፊ ሥራ ላይ ያየ ሰው ይህን ገጽ ሲያነብ እጁ ላይ የቀለም ሽታ ይመጣበታል። የተወጠረውን ቆዳ ሲፍቅ፣ የመቃ ብዕሩን ሲቀርጽ፣ ጥቁሩን ጽፎ ለቅዱሳን ስም ቀዩን ሲያነሣ፣ ከመጻፉ በፊት ሲያማትብ። ፍራንሲስ ሥራውን ይዞ ወደ አዲሲቱ ሮም ሲሄድ ሽፍታ መንገድ ላይ ያገኘዋል። ወርቁን ያየው ሽፍታ ያጌጠውን ይወስዳል፣ አሮጌውን ወረቀት ይተውለታል። ያ ሁሉ ልፋት ከንቱ ቀረ? ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ሌላ ነገር ያሳዩታል፤ ቅጂው ባይኖር ሽፍታው ዋናውን ይወስድ ነበር። የዓመታት ድካሙ የቤዛ በግ ሆኗል።

ሚለር ከዚያ በኋላ በሕይወት ሳለ ሌላ ልብ ወለድ አላሳተመም። ብዙ ዓመት ከሐዘን ጋር ታግሎ በ1996 በገዛ እጁ አለፈ። የጀመረውን ሁለተኛ መጽሐፍ ቴሪ ቢሰን ጨርሶለት በ1997 ወጣ። መጽሐፉን ለሚወድ አንባቢ ይህ ዛሬም ያማል።

የሞንቴ ካሲኖ መጻሕፍትስ? ከድብደባው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ1943 መጨረሻ፣ በጀርመን ወታደራዊ ካሚዮኖች ተጭነው ወደ ሮም ወጥተው ስለነበር ተርፈዋል። ገዳሙም እንደገና ተሠርቶ በ1964 ተባረከ።

አድዋ አጠገብ ባለው አባ ገሪማ ገዳም ያሉት የብራና ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ330 እስከ 650 ባለው ዘመን ውስጥ ወድቀዋል። በገዳሙ ትውፊት አባ ገሪማ በአንድ ቀን ጽፈው ጨረሷቸው፤ ፀሐይም እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው። የሚለር መነኮሳት ለአንዳንዶች ሩቅ ምናብ ይመስሉ ይሆናል። ለእኛ ጎረቤት ናቸው።

በሬይ ብራድበሪ «ፋራናይት 451» (1953) መጻሕፍት ሲቃጠሉ ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ መጽሐፍ በቃላቸው ይዘው ጫካ ይገባሉ። የቀድሞው መጽሐፍ አቃጣይ ሞንታግ የያዘው መጽሐፈ መክብብንና ከራእይ ጥቂት ነው። ከተማው በቦምብ ሲወድም ቁስለኛ ሊረዱ ወደዚያው ያቀናሉ። መንገድ ላይ ለሰዎቹ ምን እንደሚላቸው ሲያስብ ከራእይ መጨረሻ ምዕራፍ ቅጠሉ ሕዝብን የሚፈውሰውን ዛፍ ይመርጣል።

«ዘ ቡክ ኦፍ ኢላይ» (2010) የተባለውን የዴንዘል ዋሽንግተን ፊልም ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል፤ ያላያችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። ኢላይ የመጨረሻውን መጽሐፍ ቅዱስ ተሸክሞ ሠላሳ ዓመት ወደ ምዕራብ ይጓዛል። ክፉው ሰው ቀምቶ ሲከፍተው ገጾቹ በብሬል የተጻፉ ናቸው፤ ማንበብ አይችልም። ኢላይ ግን መጽሐፉን ዕለት ዕለት ስላነበበው በቃሉ ይዞታል፤ አልካትራዝ ደሴት ደርሶ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ያጽፋል፣ ማተሚያ ቤቱ ያትማል፣ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ከአይሁድ መጽሐፍና ከቁርኣን ጎን ይቀመጣል። ሆሊውድ ይህን እንደ ታላቅ ምሥጢር በመጨረሻ ገለጠው። ቆሎ ተማሪ ለነበረ ሰው ግን ዓይነ ስውር የኔታ ሙሉ መጽሐፍ ከቃላቸው ሲያወርዱ፣ ተማሪው ከዕዝሉ አንዲት ፊደል ስትዘልበት «ተመለስ!» ሲሉት መስማት የዕለት ኑሮ ነው። ሌሊት በጨለማ የሚሰጠው የቃል ትምህርት መብራት የማያስፈልገው ቤተ መጻሕፍት ነው።

ቦምብ የሚያመልክ ምእመን አይተው ያውቃሉ? በ1970 በወጣው ሁለተኛው የዝንጀሮዎች ፕላኔት ፊልም ከኒውክሌር ጦርነት የተረፉ ሰዎች ኒው ዮርክ ምድር ሥር፣ በቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ፍራሽ ውስጥ ያስቀድሳሉ። በመሠዊያው ቦታ የቆመው ቦምብ ነው፤ ክንፉ ላይ አልፋና ኦሜጋ ተጽፎበታል። በፊቱ ሲቆሙ የሰው ፊት ያለውን ጭምብል አውልቀው የተላጠውን እውነተኛ ገጻቸውን ይገልጣሉ። መግለጥ የሚለው ጥንታዊ ቃል እዚህም አለ፣ በክፉ መልኩ።

በኔቪል ሹት ልብ ወለድ (1957) ላይ ተመሥርቶ በ1959 የወጣው «ኦን ዘ ቢች» መጨረሻው ባዶ አደባባይ ነው። ሜልበርን ውስጥ ሰው የለም። ቀደም ሲል ሕዝብ ተሰብስቦ የጸለየበት የሳልቬሽን አርሚ ሰንደቅ ብቻ ነፋስ ያወዛውዘዋል፤ ጽሑፉ ገና ጊዜ እንዳለ ለወንድሙ የሚነግር ነው። በፊልሙ ውስጥ የሚያነበው አልቀረም። ለተመልካቹ ነው የተሰቀለው።

ኩርት ቮኔጋት በ1963 ባወጣው «ካትስ ክሬድል» ነቢዩ ራሱ «የምላችሁ ሁሉ ውሸት ነው» የሚልበት ሃይማኖት ፈጠረ። ዓለም በረዶ ሆና ስትቀር የተረፉት ያንኑ ይዘው ይቀራሉ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በኋላ ይህን ልብ ወለድ በመመረቂያ ጽሑፍ ፋንታ ተቀብሎ ማስተርስ ዲግሪ ሰጥቶታል።

በስቲቨን ኪንግ «ዘ ስታንድ» (1978) ውስጥ ከወረርሽኝ የተረፉትን የምትሰበስበው ነቢይት የ108 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ እማማ አቢጌል። በቆሎዋ መካከል ተቀምጣ ጊታር እየመታች ትዘምራለች።

ፕሮቴስታንት ወገኖቻችን «ንጥቀት» የሚሉትን፣ አማኞች ወደ ሰማይ ይነጠቃሉ የሚለውን ትምህርት መነሻ ያደረገው «ሌፍት ቢሃይንድ» 16 መጻሕፍት አሉት፤ ከ60 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ትምህርቱን በ19ኛው መቶ ዘመን ያስፋፋው ጆን ኔልሰን ዳርቢ ነው። በእኔ ዓይን ሥነ ጽሑፉ ደካማ ነው፤ የሚድነውና የሚጠፋው ከመጀመሪያው ገጽ ስለተለየ የሚያስጨንቅ ነገር አይኖርም።

ራስል ሆባን በ1974 ካንተርበሪ ካቴድራል ገብቶ ግድግዳ ላይ የደበዘዘ ሥዕል አየ። የ15ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው፤ በአጋዘን ቀንዶች መካከል መስቀል ስላየው ስለ ቅዱስ ዩስታስ ይተርካል፤ ምሥራቃውያን ኤዎስጣቴዎስ የሚሉት ሰማዕት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጻፈው «ሪድሊ ዎከር» በ1980 ወጣ። ጥፋቱ ካለፈ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ቋንቋው ራሱ ተሰባብሯል፣ ፊደሉ ተዛብቷል። ሥዕሉን ለጎብኚ የሚያስረዳ አንድ ብጣሽ ጽሑፍ ተርፎ ሰዎቹ እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ይተረጉሙታል። አንድምታ አዋቂ ቢያያቸው ያዝንላቸዋል፤ መተርጎሙን ያውቁበታል፣ ንባቡ ግን የለም።

እንግሊዝኛው «ሪደምፕሽን» በሥሩ መልሶ መግዛት ማለት ነው። አማርኛ ለዚህ «ዋጀ» አለው፣ «ቤዛ» አለው። ዋጋ ከፋይ ይኑር ማለት ነው። «ማድ ማክስ፡ ፉሪ ሮድ» (2015) ውስጥ ምን ፍለጋ እንደምትሄድ ስትጠየቅ ፉሪዮሳ የምትመልሰው ይህንኑ ቃል ነው። ፊልሙ በአብዛኛው የተቀረጸው ናሚቢያ በረሃ ላይ ነው፤ በውስጡም አንዲት አሮጊት ከረጢት ሙሉ ዘር ታቅፋ ትዞራለች፣ የሚበቅልበት አፈር እስክታገኝ።

የኦክታቪያ በትለር «ፓራብል ኦፍ ዘ ሶወር» ርእሱን ያገኘው በሉቃስ ወንጌል ካለው የዘሪው ምሳሌ ነው። መጽሐፉ የወጣው በ1993፣ ታሪኩ የሚጀምረው በሐምሌ 2024 ነው። ሎረን የባፕቲስት ሰባኪ ልጅ ናት፤ የሌላው ሰው ሕመም በገላዋ ይሰማታል። ሰፈሯ ተቃጥሎ ቤተሰቧ ሲያልቅ በአውራ ጎዳና ወደ ሰሜን በእግሯ ትጓዛለች። ቦርሳዋ ውስጥ ዘር አለ። በመንገድ የተሰበሰቡት ሰዎች መጨረሻ ላይ ለሞቱባቸው ሁሉ የባሉጥ ፍሬ ይተክላሉ፤ መንደሩም ስሙን ከዚያ ያገኛል። በትለር በ2006 አረፈች። የሎረን እምነት የሰው ዘር ወደ ከዋክብት እንዲሄድ የሚመኝ ነበር፤ ናሳም በ2021 ፐርሲቪራንስ የተባለችው መንኮራኩር ማርስ ላይ ያረፈችበትን ቦታ በደራሲዋ ስም ሰየመው።

«ስቴሽን ኢሌቨን» (2014) ላይ ኤሚሊ ሴንት ጆን ማንዴል የጻፈችው አንድ ትዕይንት ከአእምሮዬ አይወጣም። ወረርሽኙ ሲገባ አንድ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ብዙ መንገደኞች ይቀራሉ። ራቅ ብሎ አንድ አውሮፕላን ቆሟል፤ በሽታው ውስጡ ስለነበረ ማንም አልወረደም፣ በሩ እንደተዘጋ ነው። አንድ ሕፃን አውሮፕላኑ ሥር ቆሞ ለሞቱት ራእይን ያነብላቸዋል። ለምን እንደሞቱ ሊያስረዳቸው ነው። ያ ሕፃን አድጎ ነፍሰ ገዳይ ነቢይ ይሆናል። «የሞቱት ይገባቸዋል» ብሎ የጀመረ ልብ የት እንደሚደርስ ደራሲዋ ሳትሰብክ አሳየች።

የኮርማክ ማካርቲ «ዘ ሮድ» በ2006 ወጥቶ በ2007 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። ለልጁ ለጆን የተበረከተ ነው፤ ሐሳቡ የመጣለት ኤል ፓሶ ሆቴል ውስጥ ትንሹ ልጁ ተኝቶ ሳለ ሌሊት በመስኮት ሲመለከት ነው። አባትና ልጅ በአመድ በተሸፈነ ምድር ይሄዳሉ። ዓለምን ምን እንዳጠፋት አይነገርም፤ ሰዓቶቹ 1፡17 ላይ መቆማቸው ብቻ ተጽፏል። አንባቢዎች ይህን ከራእይ ምዕራፍ 1 ቁጥር 17 ጋር ያመሳክሩታል፤ ዮሐንስ እንደ ሞተ ሰው ወድቆ አትፍራ ከተባለበት። አባት ልጁን ሊወስድ የመጣ ሰው ገድሎ የልጁን ፀጉር በቀዝቃዛ ውሃ ከደም ያጥባል፤ ሲያጥበውም ጥንታዊ ቅብዓት እንደሚፈጽም ያስባል። ቤተ ክርስቲያን የለም፣ ካህን የለም፣ ሜሮን የለም። አባት፣ ውሃና የልጅ ራስ አለ። አባት ሲሞት ልጁን የተቀበለችው ሴት ስለ እግዚአብሔር ትነግረዋለች። ልጁ ለመጸለይ ይሞክራል፤ የሚቀልለው ግን አባቱን ማነጋገር ነው። ሴትዮዋም አትከለክለውም።

«ቼርኖቢል» በዩክሬንኛ የእፅ ስም መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ለሽታው ከምንወደው ከአሪቲ ወገን ነው። በራእይ ምዕራፍ 8 የውሃን ሲሶ ያመረረው ኮከብ በዚሁ ወገን መራራ እፅ ስለተጠራ፣ በሚያዝያ 1986 የኒውክሌር ኃይል ማመንጫው ሲፈነዳ የአገሩ ሰው ሁለቱን አያያዘ።

በዚያው ዓመት ግንቦት አንድሬይ ታርኮቭስኪ የኒውክሌር ጦርነት ፊልሙን፣ «መሥዋዕቱን»፣ ካን ላይ አቀረበ። እሱ በካንሰር ታሞ ስለነበር ሽልማቱን ልጁ ተቀበለለት፤ ፊልሙም ለዚሁ ልጅ የተበረከተ ነው። አሌክሳንደር የሚባል ሰው በልደቱ ቀን ጦርነት መጀመሩን በቴሌቪዥን ይሰማል። ጸልዮ የማያውቅ ሰው ወለል ላይ ተንበርክኮ ይሳላል፤ ሁሉ እንደ ነበረ ከሆነ ቤቴን እሰጣለሁ፣ ልጄን እለያለሁ፣ ዳግም አልናገርም። ሲነጋ ሁሉ እንደ ነበረ ነው። ስለቱን ይፈጽማል፤ ቤቱን ያቃጥላል። ስዊድን፣ ጎትላንድ ደሴት ላይ ይህ ሲቀረጽ ካሜራው ተበላሽቶ ቤቱ በከንቱ ተቃጠለ። እንደገና ሠሩትና እንደገና አቃጠሉት።

የፊልሙን መክፈቻ ብዙ ተመልካች ልብ አይለውም። አባት ለትንሽ ልጁ ደረቅ እንጨት እየተከለ ተረት ይነግረዋል፤ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ደረቅ እንጨት ተክሎ ደቀ መዝሙሩን በየቀኑ እንዲያጠጣው አዘዘው፣ ሦስት ዓመት አጠጣው፣ አበበ። የደቀ መዝሙሩ ስም በሩስያኛ ዮአን ኮሎቭ ነው። ይህ የእኛው ዮሐንስ ሐጺር ነው። ጥቅምት 20 ቀን ስንክሳር ሲነበብ ከመምህሩ ከአባ ባሞይ ጋር ይህን ታሪክ እንሰማለን፤ ውሃው ሩቅ ነበር፣ እንጨቱም አፈራ፣ መምህሩ ፍሬውን ለአረጋውያኑ የመታዘዝ ፍሬ ብሎ አደለ። ከግብፅ በረሃ የወጣው ያው ታሪክ በአንድ በኩል ወደ ጎንደርና ወደ ላስታ፣ በሌላው ወደ ሩስያ ሄዶ በባልቲክ ባሕር ዳር ካሜራ ፊት ቆመ።

በፊልሙ መጨረሻ አባትየው በአምቡላንስ ተወስዷል። ልጁ በጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ምክንያት ፊልሙን ሙሉ አልተናገረም። ሁለት ባልዲ ውሃ እየጎተተ ይመጣል፣ ያፈሳል፣ ከግንዱ ሥር በጀርባው ይተኛል። ከዚያ አፉን ይፈታል፤ በዮሐንስ ወንጌል መጀመሪያ ስላለው ቃል አባቱን ይጠይቃል፤ አባቱ ግን አጠገቡ የለም። ካሜራው በግንዱ ላይ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ከኋላው ባሕሩ ያብለጨልጫል። ቅርንጫፎቹ አሁንም ደረቅ ናቸው።